በብድር የተገዛ ያገለገለ መኪና ጉድለት ሲገኝበት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ገዢዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ያገለገለ መኪና በብድር የገዛ ሰው መኪናው በሳምንቱ ሲቆምበት መጀመሪያ የሚያስበው ወርሃዊ ክፍያውን ማቋረጥ ነው። ንዴቱ ተገቢ ቢሆንም እርምጃው አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ገዢውን ራሱን ነው፤ ምክንያቱም የፈረማቸው ውሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሻጩ ጋር ያደረገው የሽያጭ ውል ሲሆን ሁለተኛው ከአበዳሪው ጋር ያደረገው የብድር ውል ነው። ባንኩ ገንዘቡን ለሻጩ ከከፈለ በኋላ በብድር ውሉ የሚጠበቅበትን ፈጽሟል፤ ካምቢዮው ተሰባብሮ ቢገኝ ተጠያቂው ሻጩ ነው፣ የባንኩ ዕዳ ግን በዚያ ምክንያት አይቀርም። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ያለውን ክርክር ሳይውሉ ሳያድሩ መጀመር፣ ክፍያውን ደግሞ ከአበዳሪው ጋር በጽሑፍ ሳይነጋገሩ አለማቋረጥ ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

ብድሩ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ሰዎች ሁሉንም "በብድር ገዛሁ" ይሉታል እንጂ በሕግ ረገድ የሚያስከትለው ውጤት እንደ አሠራሩ ይለያያል። በጣም የተለመደው የባንክ ወይም የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋም ብድር ነው። በዚህ አሠራር ገዢው የራሱን ድርሻ ይከፍላል፣ አበዳሪው ቀሪውን በቀጥታ ለሻጩ ያስተላልፋል፣ መኪናው በገዢው ስም ከዞረ በኋላ ሊብሬው ባንክ ይቀመጣል፣ በመዝገቡም ላይ የመያዣ መብት ይመዘገባል። እዚህ ላይ ሻጩና አበዳሪው ሁለት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸው ግልጽ ነው፤ የጉድለቱ ጥያቄ የሚቀርበውም ለሻጩ ብቻ ነው።

በድሬዳዋና በሐረር ብዙ ሰው የሚመርጠው ከወለድ ነፃ የሆነው የሙራባሃ አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። በሙራባሃ ባንኩ ገንዘብ አያበድርም፤ መኪናውን ራሱ ከባለቤቱ ይገዛና የተገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን አስታውቆ ለደንበኛው በጊዜ በሚከፈል ዋጋ መልሶ ይሸጣል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሻጩ ባንኩ ነው ማለት ነው። በእስልምና የንግድ ሕግም ገዢው በዕቃው ላይ ነውር ሲያገኝ ውሉን የማፍረስ ምርጫ ያለው ሲሆን ይህም "ኺያሩል ዐይብ" ተብሎ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ደንበኛው መኪናውን መርምሮ እንደተቀበለና ለጉድለቱ ባንኩ እንደማይጠየቅ የሚገልጽ አንቀጽ በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ከመፈረም በፊት ይህንን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል። ቢያንስ ባንኩ በመጀመሪያው ሻጭ ላይ ያለውን የመጠየቅ መብት ለደንበኛው እንዲያስተላልፍ የሚገልጽ ቃል እንዲገባ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያለዚያ ገዢው ከመጀመሪያው ሻጭ ጋር ውል የለውም፣ ባንኩም "አይመለከተኝም" ይለዋል፣ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የጋብቻ፣ የውርስና የመሳሰሉ የቤተሰብ ጉዳዮችን የሚመለከት ስለሆነ የሙራባሃ ክርክርም የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ሦስተኛው ሻጩ ራሱ በዱቤ የሚሸጥበት ነው። ግማሹ በእጅ ይከፈላል፣ ቀሪው በየወሩ ይከፈላል፣ ሊብሬውም ክፍያው እስኪያልቅ ሻጩ ዘንድ ይቆያል። አበዳሪውና ሻጩ አንድ ሰው ስለሆኑ ገዢው "አንተ የተሟላ መኪና አላስረከብከኝምና እኔም ቀሪውን አልከፍልም" ብሎ ለመከራከር የተሻለ መሠረት ያለው በዚህ አሠራር ነው። ነገር ግን ለቀሪው ዕዳ ቼክ ፈርመው ከሰጡ ነገሩ ይለወጣል። በሒሳቡ ውስጥ ስንቅ (በቂ ገንዘብ) የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ድርጊት በመሆኑ፣ የመኪናው ክርክር በፍትሐ ብሔር ችሎት እየታየ ሳለ ገዢው በቼኩ ምክንያት ፖሊስ ጣቢያ ሊጠራ ይችላል። ለዱቤ ክፍያ ዋስትና ተብሎ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ መቀባበል በአካባቢያችን ነጋዴዎች ዘንድ እንደ ቀላል ነገር መታየቱ በእኔ እምነት ከመኪናው ጉድለት የባሰ አደጋ ነው። ቼክ ሰጥተው ከሆነ፣ ክርክሩ በስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ስንቁን ማጓደል አይገባም።

ከዘመድ የተበደሩት ወይም ከእቁብ ያወጡት ገንዘብ ደግሞ ከመኪናው ጋር ምንም የሕግ ትስስር የለውም።

ሻጩ ነጋዴ ነው ወይስ ግለሰብ?

መኪናውን የገዙት የመኪና ንግድ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ከሆነና የገዙትም ለግልዎ ወይም ለቤተሰብዎ መገልገያ ከሆነ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይጠብቅዎታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ሲያገኝ ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ይህንን መብት የሚያስቀር ስምምነት ቢፈርምም እንኳ ስምምነቱ አይጸናም። ጊዜው አጭር ስለሆነ መካኒክ ለመካኒክ ሲዞሩ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሻጩ "ትንሽ ታገሥ፣ ይስተካከላል" እያለ ሁለት ሳምንት ማስቆጠሩም ያልተለመደ አይደለም።

ባጃጅ፣ ታክሲ ወይም የጭነት መኪና ለሥራ የገዛ ሰው ግን በአዋጁ ትርጉም "ሸማች" ለመባል ይቸገራል፤ አዋጁ የሚጠብቀው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የገዛውን ነው። እንዲሁም ጎረቤት የራሱን መኪና ቢሸጥልዎ ወይም ደላላ ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጋር ቢያገናኝዎ ሻጩ ነጋዴ ስላልሆነ አዋጁ አይሠራም። በነዚህ ሁሉ ሁኔታዎች ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መመለስ ነው፤ እሱም ደካማ ሕግ አይደለም። በአንቀጽ 2287 መሠረት ማንኛውም ሻጭ፣ ነጋዴ ሆነ አልሆነ፣ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ጉድለት ማለትም ዕቃው በተለምዶ ለሚሰጠው አገልግሎት ወይም በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ሲጎድለው ነው።

የሕጉ ሁለት ጥብቅ ግዴታዎች ግን በገዢው ላይ ይወድቃሉ። የመጀመሪያው፣ መኪናውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ምንነቱን ለይቶ ለሻጩ ማስታወቅ ነው። ሁለተኛው፣ በአንቀጽ 2298 እንደተደነገገው ማስታወቂያውን ከሰጠበት ጊዜ አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ ነው። በሽምግልና ተስፋ ዓመቱ ያለፈበት ገዢ፣ ሻጩ ያታለለው መሆኑን ካላስረዳ በቀር መብቱን ያጣል።

በብዙ የመኪና ሽያጭ ውሎች ላይ "ገዢው መኪናውን አይቶና ፈትሾ ባለበት ሁኔታ ተረክቧል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። በግለሰቦች መካከል እንዲህ ያለ ቃል በመርህ ደረጃ የሚጸና ሲሆን በግልጽ ለሚታይ ጉድለት ክርክሩን በእርግጥ ያከብደዋል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ከሆነ ግን ለጉድለቱ የመጠየቅ ግዴታውን የሚያስቀረው ቃል ዋጋ አይኖረውም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ የመለሰ፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክዳን) በማጣበቂያ ሸፍኖ የሸጠ፣ የሻንሲ ቁጥር የነካካ ሰው በዚህ ቃል ሊከለል አይችልም፤ ድርጊቱም እንደ ሁኔታው የማታለል ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ጉድለቱ ከርክክቡ በፊት እንደነበረ ማሳየት

ክርክሩ የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የሚጠየቀው መኪናውን ባስረከበበት ጊዜ ለነበረ ጉድለት ነው እንጂ ከዚያ በኋላ በአጠቃቀም ለመጣ ብልሽት አይደለም። ዕድሜም በራሱ ጉድለት አይደለም፤ በፈረንሳይ የሴዳን ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የቆመው ፔጆ 404 በሐረር ጎዳናዎች ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲሠራ የኖረ ነው። ጎማ መጨረሱ፣ የፍሬን ሸራ መሳሳቱ፣ ፍሪሲዮን መዳከሙ ካገለገለ መኪና የሚጠበቅ ነገር ሲሆን ዳኛውም እንደ ጉድለት ላይቀበለው ይችላል።

አንዳንድ ብልሽቶች ግን ታሪካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ ብርድ የመጣ መኪና በ1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ሲግል፣ ራዲያተሩ ሲፈታ በደለልና በዝገት ተደፍኖ ከተገኘ፣ ያ ዝገት በሦስት ቀን የተፈጠረ አለመሆኑን ማንኛውም መካኒክ ይመሰክራል። በጎርፍ ውስጥ የነበረ መኪናም በመቀመጫ ሐዲዶቹ ሥር፣ በዳሽ ቦርዱ ጀርባና በኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይይዛል፤ በድሬዳዋ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ምን እንደሆነ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ላየ የከተማዋ ሰው ይህ ሥጋት ምናባዊ አይደለም። የቆጣሪው ቁጥር ከቀደሙት ዓመታት የቦሎ ምርመራ ወይም የጋራዥ ወረቀቶች አንሶ ከተገኘ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ በቂ ምስክር ነው።

ገና ላልገዛ ሰው የምመክረው ፈተና አንድ ነው፦ መኪናውን ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት እስከ ሐረር መንገድ መገንጠያ መንዳትና መመለስ። ዳገቱ የሞተሩን ሙቀትና የካምቢዮውን አቅም ያጋልጣል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬኑን። በከዚራ ጥላ ሥር ባለው ሜዳ መንገድ ላይ ሁለት ዙር ያስነዳ ሻጭ ደንገጎን ሲሰማ ሰበብ ካበዛ መልሱ ተገኝቷል።

ጉድለቱ እንደታየ መኪናውን ማቆም፣ የቆጣሪውን ቁጥር፣ በዳሽ ቦርዱ ላይ የበሩትን መብራቶችና የሚፈስ ነገር ካለ እሱን ቀኑ በሚታይበት ቪዲዮ መቅረጽ ያስፈልጋል። ከዚያ ከሻጩ ጋር ዝምድና በሌለው፣ ፈቃድ ባለውና ማኅተም በሚያሳርፍ ጋራዥ ማስመርመር ነው። የጋራዡ ወረቀት ብልሽቱን ብቻ ሳይሆን የብልሽቱን መንሥኤ፣ ከመቼ ጀምሮ ሊኖር እንደሚችል የባለሙያውን ግምት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን እንዲሁም የጥገናውን ዋጋ ቢይዝ ይመረጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ገበያውን እየተቀላቀሉ ናቸው፤ ለነሱ ዋናው ማስረጃ የባትሪው ቀሪ አቅም በኮምፒውተር ምርመራ ተነብቦ የታተመው ውጤት ነው።

ከሁሉ በላይ ሻጩ ሳያውቅ ሞተሩን አያስፈቱ። ሞተሩ ተፈትቶ በየጆንያው ከተቀመጠ በኋላ ሻጩ "እኔ ደህና መኪና ነው የሰጠሁት፣ የእናንተ መካኒክ ነው ያበላሸው" ቢል የሚያስተባብል ነገር ማግኘት ከባድ ነው። መፍታት የግድ ከሆነ ሻጩ ወይም ወኪሉ በተወሰነ ቀን ተገኝቶ እንዲያይ በጽሑፍ ይጥሩት፤ ባይመጣም መጥራትዎ ይቆጠርልዎታል።

ማስጠንቀቂያውን መጻፍ

ስልክ ተደውሎ የተነገረ ቅሬታ ፍርድ ቤት ሲደርስ "አልሰማሁም" ይባላል። ማስጠንቀቂያው አጭር፣ ስድብና ዛቻ የሌለበት፣ ቀንና ፊርማ ያለው ይሁን። ይዘቱ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

"በ____ ቀን በተደረገ የሽያጭ ውል የሰሌዳ ቁጥሩ ____፣ የሻንሲ ቁጥሩ ____ የሆነውን መኪና በብር ____ ገዝቼ በ____ ቀን ተረክቤአለሁ። በ____ ቀን ____ የተባለው ጉድለት የታየ ሲሆን በ____ ጋራዥ የተሰጠው የምርመራ ውጤት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ጉድለቱ በርክክቡ ጊዜ የነበረ በመሆኑ ይህ ማስጠንቀቂያ በደረስዎ በ____ ቀናት ውስጥ መኪናውን በሌላ እንዲለውጡልኝ ወይም ዋጋውን መልሰው መኪናውን እንዲረከቡኝ፤ ይህ ባይሆን መብቴን በሕግ የማስከብር መሆኑን አስታውቃለሁ።"

ጥገና ብቻ የሚበቃዎት ከሆነ ያንን ይጻፉ፤ ነገር ግን የሚፈልጉትን አስቀድመው ይወስኑ፣ በየሳምንቱ ጥያቄ መለዋወጥ ክርክርን ያደክማል። ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ ሻጩን ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ያድርሱለት ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩለት፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አይጣሉ። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ መላክ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን።

ማስጠንቀቂያው ለማን እንደሚጻፍ አስቀድሞ መጣራት አለበት። በእኛ አገር መኪና በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ገዢው በአካል አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ወኪል በወካዩ ስም ከፈረመ ሻጩ ወካዩ ነው፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለወካዩም ለወኪሉም ቢደርስ ይሻላል። ደላላው ግን ሻጭ አይደለም፤ አውቆ ካላታለለ በቀር በሱ ላይ የሚጠፋ ጊዜ አይኑር።

ከአበዳሪው ጋር

ለሻጩ የጻፉትን ማስጠንቀቂያ ግልባጭ ለባንኩ ይስጡ፤ መኪናው የባንኩ መያዣ ስለሆነ ዋጋው መውረዱ እሱንም ይመለከተዋል። መኪናው እስኪጠገን የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም ወይም ወርሃዊው መጠን እንዲቀንስ ማመልከት ይችላሉ። ባንኩ የመፍቀድ ግዴታ የለበትም፤ ቀድሞ የመጣን ደንበኛ ግን ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ከሚፈለግ ደንበኛ በተለየ ያስተናግዳል። ክፍያ ያቋረጠ ሰው ስሙ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ውስጥ በመጥፎ ይመዘገባል፣ መኪናውም ለጨረታ ሊቀርብ ይችላል፣ ዋስ የሆኑት ዘመዶቹም ይጠየቃሉ።

ባንኩ ያስገባዎ ሙሉ የኢንሹራንስ ሽፋን ለአደጋና ለስርቆት እንጂ ለሜካኒካል ጉድለት አይከፍልም፤ ብልሽቱን እንደ አደጋ አስመስሎ ማመልከት ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው።

አቤቱታና ክስ

ሻጩ ነጋዴ ከሆነ አቤቱታውን በድሬዳዋ ለአስተዳደሩ የንግድ ቢሮ፣ በሐረር ለክልሉ የንግድ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ማቅረብ ይቻላል። ወጪ የለውም፤ ፈቃዱን የሚፈራ ነጋዴም ብዙ ጊዜ እዚያው ይስማማል። ደረሰኝ አልሰጥም ያለ ሻጭ ካለ ያንንም ያመልክቱ፤ ደረሰኝ መስጠት በአዋጁ የነጋዴ ግዴታ ነው።

የፍትሐ ብሔር ክስ በድሬዳዋ የሚቀርበው በከተማዋ ለሚያስችለው የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በሐረር ለሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች ነው። ገዢው የሐረር፣ ሻጩ የድሬዳዋ ነዋሪ ከሆነ በተለያየ ክልል ነዋሪዎች መካከል ያለ ክርክር ስለሚሆን ጉዳዩ የፌደራል ሥልጣን ነው። ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት ስፍራ ሊቀርብ ስለሚችል ከአዲስ አበባ መጥቶ ድሬዳዋ ላይ ውል የፈረመን ሻጭ ለመክሰስ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። ከክሱ ጋር የሽያጭ ውሉን፣ የብድር ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ የጋራዡን ውጤት፣ ማስጠንቀቂያውንና የደረሰበትን ማስረጃ ያያይዙ፤ ፍርድ ቤቱም መኪናውን ገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረምር እንዲያዝ ይጠይቁ። ከዋጋው በተጨማሪ ለጉተታ፣ ለምርመራና መኪናው በቆመበት ጊዜ ለባንክ ለከፈሉት ወለድ ካሣ መጠየቅን አይርሱ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል።

ውሉ ከፈረሰ ወይም ስምምነት ከተደረሰ

በሽማግሌ የተደረሰ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ ማን ምን ያህል፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ እንደሚከፍል ይግለጽ፤ ክስ ከተጀመረም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ይጽደቅ። ሽያጩ የሚፈርስ ከሆነ ገንዘቡ በቀጥታ ለባንኩ ገብቶ ዕዳው እንዲዘጋ ማድረግ ይመረጣል፤ በገዢው እጅ ካለፈ ለሌላ ጉዳይ ይውልና ዕዳው ይቀራል። ባንኩ ዕዳው መጠናቀቁን በደብዳቤ ሲገልጽ ያንን ደብዳቤ ይዘው መያዣውን መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ያሰርዙ፤ በብሔራዊ ባንክ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ ላይም ተመዝግቦ ከሆነ አበዳሪው እንዲያሰርዝልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ፣ በሐረርም በክልሉ ውል አጽዳቂ ክፍል፣ መኪናው ወደ ሻጩ ስም መመለሱን የሚያሳየውን ሰነድ ይፈራረሙ። ስሙ ሳይዞር መኪናው ብቻ ከተመለሰ ሻጩ ለሌላ ሰው ሸጦት አደጋ ቢደርስ ተጠሪው አሁንም በሊብሬው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። የኢንሹራንስ ውሉንም በዚያው ቀን አቋርጠው ላልተጠቀሙበት ጊዜ የሚመለሰውን ዓረቦን ይጠይቁ።